«ላይክ» ካለ ሲሚሊ ነው

ግጥም አንብቦ መረዳት ድሮ ቀረ። ይህን ሸክም ከልጆቻችን ጫንቃ ላወረዱልን የደሴ የእንግሊዝኛ ሃንድአውት አዘጋጆች እጅ እነሳለሁ። አንዲት ቅጠል ወረቀት ናት፤ «ላይክ» ወይም «አዝ» ካየህ ሲሚሊ (ተነጻጻሪ ዘይቤ) ብለህ ታከብባለህ፣ ከሌለ ሜታፎር (ተለዋጭ ዘይቤ)። በዚህ ሕግ «አይ ላይክ ሽሮ» የጠራ ሲሚሊ ነው፤ ሽሮው ከምን ጋር እንደተነጻጸረ መጠየቅ የፈተና ሰዓት ማባከን ነው። ግነትን «ሃይፐርቦል» እንለዋለን። ባለቤቶቹ መጨረሻውን ሳይውጡ «ሃይፐርቦሊ» ማለታቸው የራሳቸው ጉዳይ፤ እኛ ኳስ አድርገን ለግተነዋል። ኦኖማቶፒያን (ድምፅ አስመሳይ ቃልን) ፊደሉን ሳይሳሳት የጻፈ ደግሞ ትርጉሙም እንደገባው ይቆጠርለታል።

ጠዋት ጠዋት የጦሳን ተራራ ጉም ሲያለብሰው «ዛሬም ጋቢውን አላወለቀም» የምንለው ተራ ወሬ ነው። ነፋሱ ማንሾካሾክ ያለበት በእንግሊዝኛ ነው፤ ያኔ ፐርሶኒፊኬሽን (ሰውኛ) ይባላል፣ ማርክም አለው። የወሎ ሰው ሲዘፍን በአምባሰል፣ ሲያወድስ በመንዙማ፣ ሲያለቅስ በሙሾ ዘይቤ ሲያባክን ኖሯል፤ አንዱም ለፈተና አልመጣም።

የዋድላን የቅኔ ተማሪማ ሳስበው አንጀቴን ይበላኛል። ደበሎ ለብሶ፣ ቁራሽ ለምኖ፣ ብቻውን ዛፍ ሥር ቅኔ ሲቆጥር ይውልና መምህሩ ፊት ጉባኤ ቃና ይዞ ይቀርባል። ሁለት መስመር ናት፣ ግን የራሱ መሆን አለባት! የጓደኛን መገልበጥ የለ፣ ሀ ለ ሐ መ የለ። ምን ዓይነት ጭካኔ ነው?

የእህቴ ልጅ ግን ኩራቴ ናት። የ12ኛ ክፍል ፈተና ደርሶባት፣ ቅዳሜ ከሰዓት ረከቦቱ አጠገብ ተቀምጣ «ፐን ኢዝ ኤ ፕሌይ ኦን ዎርድስ»፣ ማለትም ፐን በቃል መጫወት ነው፣ እያለች ታነበንባለች። ቡናውን የምታፈላው እናቴ ናት። አቦሉን ፉት፣ ወሬውን ለቀም አድርጋ እግሬ አውጪኝ የምትል ጎረቤት አለችን፤ የዚያን ቀንም ስኒዋን አስቀምጣ ውልቅ አለች። እናቴ ጀበናውን እንደያዘች በሩን አየት አድርጋ፣

«እሷ እኮ በረካ የላትም» አለች።

ሦስተኛውን አትጠጣም ማለቷ ነው። ሌላኛው ትርጉም ለቤቱ ሰው ሁሉ ገብቶት፣ ዕጣን የምታጨሰው ትንሿ ልጅ ሳትቀር በሳቅ ስትንከተከት፣ የእህቴ ልጅ ሁለቱንም ጆሮዋን በጣቷ ደፈነች።

«አያቴ፣ በናትሽ ዝም በይ! ፐን እያጠናሁ እኮ ነው!»

«አብሽሪ ልጄ፣ በርቺ» አለቻትና ቶናውን ቀዳች።

ይህን ጽሑፍ እዚህ ላይ ሳደርስ ለእህቴ ልጅ አሳየኋት። እስክሪብቶዋን ይዛ ወረደችበት፤ «እንደ» ያለበትን ሁሉ አከበበች።

«ሦስት ሲሚሊ አለው» አለችኝ። ከዚያ ቀና ብላ፣ «አጎቴ፣ ስላመሰገንከን ግን እናመሰግናለን።»