«እቴቴ» ተብሎ ፎርም አይሞላም

በሜሪላንድም ይሁን በቨርጂኒያ፣ የልጆች የሰመር ካምፕ (ትምህርት ቤት ሲዘጋ የሚውሉበት) ፎርም ላይ አንዲት ክፉ ቦታ አለች። የእናት ስም፣ የአባት ስም፣ ስልክ፣ ክትባት፣ አለርጂ ሁሉ ተሞልቶ ሲያበቃ ብቅ ትላለች። «ከወላጅ ሌላ ልጁን መረከብ የሚችሉ ሁለት ሰዎች» ትላለች፤ ከሥሯ ሁለት ባዶ መስመር። ለሠርግ አምስት መቶ ሰው ጠርቶ አዳራሽ የሚሞላ ሕዝብ፣ ማክሰኞ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ (በእነሱ አቆጣጠር ሦስት) ሥራ ላይ ያልሆነ ሁለት ሰው ያጣል። አንዷ ሆስፒታል ናት፣ አንዱ ኤርፖርት ነው፣ ሌላዋ ሌሊቱን ሠርታ ገና አሁን ጋደም ብላለች።

አገር ቤት እንዲህ ያለ ፎርም የለም። «ልጆቹን አየት አድርጊልኝ» ከአጥር ማዶ ይባላል፣ «እሺ፣ ሂጂ» ይመለሳል፣ አለቀ። የተጠራችው ጎረቤት ልጁን ታበላዋለች፣ ካጠፋ ትቆጣዋለች፣ ማታ ጥፋቱን ለእናቱ ትዘረዝራለች። መታወቂያ የጠየቃት የለም።

ነገሩ ከስሙ ጀምሮ አይገጥምም። ትምህርት ቤት የሚዘጋበት ጊዜ በአማርኛ ክረምት ነው፤ ክረምት ሲባል የሚታየን ደግሞ ጭቃ፣ ጋቢና የተጠበሰ በቆሎ ነው። ዋሽንግተን አካባቢ የጁላይ ቀን በአማካይ 32 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው፣ ያውም ከወበቁ ጋር። ስለዚህ ዲያስፖራው «ሰመር» ብሎ ተገላገለ። (ይህን የረሳ ወላጅ ነው ልጁን በሐምሌ ቁምጣ አልብሶ ወደ አዲስ አበባ የሚያሳፍረው። እዚያ ቀኑ ከ20 ዲግሪ ብዙም አያልፍ፣ ሌሊቱ ወደ 10 ይወርዳል። ሹራብና የዝናብ ጃኬት በእጅ በሚያዘው ቦርሳ ውስጥ ይሁን፤ የሚፈለገው ገና ቦሌ ሲወርዱ ነው።)

ሒሳቡን እንሥራው። ትምህርት ቤት በጁን አጋማሽ ይዘጋል፣ በኦገስት መጨረሻ ይከፈታል፤ 10 ሳምንት፣ ወደ 50 የሥራ ቀን። የአሜሪካ ፌዴራል ሕግ አሠሪ ደመወዝ ያለው የዓመት ፈቃድ እንዲሰጥ አያስገድድም። የእኛው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ለመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን ይሰጣል። ሀብታሙ አገር ዜሮ፣ የእኛው 16፤ ይህን ስናገር ሁሌም ደስ ይለኛል። ደግ አሠሪ ገጥሟቸው ባልና ሚስት አሥር አሥር ቀን ቢኖራቸው፣ በየተራ ቢወስዱት 20 ቀን ተሸፈነ፣ 30 ቀረ። አብረን እንዝናና ካሉ 40 ይቀራል።

ከአምስት ዓመት በታች ያለ ልጅ ዴይኬሩ (የሕፃናት ማቆያው) ዓመቱን ሙሉ ክፍት ስለሆነ ሰመር መምጣቱንም አያውቅ። ዱላው የሚያርፈው ኪንደርጋርተን የጨረሰው ላይ ነው። ዴይኬሩን ለቋል፣ ትምህርት ቤቱ ተዘግቷል፣ ብቻውን ቤት መተውም አይቻልም። የሜሪላንድ ሕግ ከ8 ዓመት በታች ያለ ልጅ፣ ቢያንስ 13 ዓመት የሞላው አስተማማኝ ሰው አብሮት ሳይኖር፣ ቤትም ሆነ መኪና ውስጥ እንዲተው አይፈቅድም። ቨርጂኒያ በክፍለ ግዛት ደረጃ ዕድሜ አልቆረጠችም፤ ፌርፋክስ ካውንቲ ግን መመሪያ አውጥቷል፦ እስከ 7 ዓመት ብቻውን አይተው፣ ከ8 እስከ 10 ለአንድ ሰዓት ተኩል፣ 11 እና 12 ለሦስት ሰዓት። «የኔ ልጅ ጨዋ ነው፣ ቲቪ ከፍቼለት ልሂድ» የሚሠራው ጎረቤት እስኪያይ ድረስ ነው። እዚህ ጎረቤት ብቻውን የቀረ ልጅ ሲያይ የሚደውለው ለእናትየዋ አይደለም።

ካምፕ የሚያዘው ደግሞ በረዶ እየወረደ፣ በጃንዋሪና በፌብሩዋሪ ነው። የካውንቲ ካምፕ ከግሉ ስለሚረክስ ሰው ይሻማበታል፤ በጁን «ካምፕ ጠቁሙኝ» የሚል ሰው የሚጠብቀው የተጠባባቂ ዝርዝር ነው። ምዝገባው ከመከፈቱ ሳምንት ቀደም ብሎ አካውንት ከፍቶ፣ የልጁን ስምና የልደት ቀን አስገብቶ፣ የነዋሪነት ማስረጃ ልኮ፣ የሚፈለጉትን ካምፖች መለያ ቁጥር በወረቀት ይዞ መጠበቅ ነው። በሩ ሲከፈት የልደት ቀን መጻፍ የጀመረ አለቀለት። እንደ ገቢ ቅናሽ የሚሰጡ ካውንቲዎች አሉ፤ ማመልከቻው ግን ከምዝገባው በፊት ያልቅ፣ አለዚያ ሙሉውን ከፍሎ መከራከር ይመጣል።

የሚሸጠው በሳምንት ነው። ይህ ሳምንት ዋና፣ ቀጣዩ ሥዕል፣ ከዚያ ሮቦት፤ ቦታውም ሰዓቱም ይለዋወጣል። አብዛኛው ጠዋት ሦስት ሰዓት ጀምሮ ዘጠኝ ወይም አሥር ሰዓት ላይ ያበቃል። የትኛዋ ነርስ ረዳት ናት በዘጠኝ ሰዓት የምትወጣው? ማለዳና ማታ ማቆያው ለብቻው ይከፈላል፣ ለዘገየ ወላጅ ደግሞ በየደቂቃው ዶላር የሚቆጥሩ አሉ፤ ቤልትዌዩ (ዋሽንግተንን የሚዞረው አውራ ጎዳና) ተዘጋግቶ ነበር ማለት አያድንም። የሜሪላንድ ዝቅተኛ የሰዓት ክፍያ 15 ዶላር ነው። 40 ሰዓት የሠራች፣ ታክስ ሳይነካው 600 ዶላር። ካምፑ ለአንድ ልጅ በሳምንት 300 ቢሆን፣ ለሁለት 600። ሠራች፣ ከፈለች፣ ቤንዚኑ ከኪሷ።

ወደ ሁለቱ መስመሮች ልመለስ። ሰው ተገኝቶም ስም ይጠፋል። ካምፑ በር ላይ ታብሌት የያዘ የ19 ዓመት ልጅ ቆሟል፤ መታወቂያ ይጠይቃል፣ ከዝርዝሩ ጋር ያስተያያል። ሐበሻ ሴት በጋብቻ ስሟን አትቀይር፣ የልጁ የመጨረሻ ስም የአባቱ ወይም የአያቱ ነው፤ ስለዚህ ገና እናትየዋ ራሷ ስሟ ከልጇ አይገጥምም። እሱስ ፎርሙ ላይ በደንብ ከተጻፈ ያልፋል። ጣጣው ሁለተኛዋ ሰው ላይ ነው። አሥር ዓመት ጎን ለጎን የኖረች ጓደኛ እቴቴ ናት። ልጁ እቴቴ ይላታል፣ እናትም ስልኳ ላይ እቴቴ ብላ ነው የመዘገበቻት። መንጃ ፈቃዷ ላይ ያለው ግን ፀሐይ ነው፤ ያ «ፀ» ደግሞ በእንግሊዝኛ ፊደል ሲጻፍ አንዱ በቲ ይጀምረዋል፣ ሌላው በኤስ፣ ፓስፖርቱ በሁለቱም። በር ላይ ያለው ልጅ «ዝርዝሬ ላይ የሉም» ሲል አይጨክንባትም፤ እንዲህ አድርግ ተብሎ ነው። የመንጃ ፈቃዷን ፎቶ አስልኮ ስሟን ፊደል በፊደል መገልበጥ ይህን ሁሉ ያድናል። ልጁም የእቴቴን ሙሉ ስም ይወቅ፣ ማን ናት ተብሎ ይጠየቃልና። አገር ቤት ልጁ «እቴቴ መጣች!» ብሎ ከሮጠ ሩጫው መታወቂያ ነበር።

ከካምፕ ቦርሳው ውስጥ ሰንስክሪን (የፀሐይ መከላከያ ቅባት) የሚጎድለው የእኛ ልጅ ነው። «ጥቁር ቆዳ ፀሐይ አይጎዳውም» ይባላል። ይጎዳዋል። ኤስፒኤፍ 30 ወይም ከዚያ በላይ፣ ከመውጣት 15 ደቂቃ በፊት፣ ከዚያ በየሁለት ሰዓቱ፣ ከዋናም በኋላ። የካምፑ ሠራተኞች ያለ ወላጅ ፊርማ ልጁን አይቀቡትም። ሽሩባ የተሠራች ልጅ በጉንጉኑ መካከል ያለው የራስ ቆዳ መስመር ይቃጠላል፣ ማታ ሲነካ ታለቅሳለች፤ ኮፍያ ያስፈልጋታል። የዋና ልብስ ሁለት ይሁን፣ በዋዜማው የረጠበው ጠዋት አይደርስም። ምሳ ዕቃው ፍሪጅ አያገኝም፤ ሙቀቱ ከ32 ዲግሪ ካለፈ ያለ በረዶ ከአንድ ሰዓት በላይ የቆየ ምግብ አይበላም። ማታ የውኃ ጠርሙስ ፍሪዘር ከቶ ጠዋት ከፍርፍሩ ጎን ማስቀመጥ ነው፤ በምሳ ሰዓት ውኃውም ይጠጣል።

መኪና ላይ ቀልድ የለም። ዝግ መኪና በ10 ደቂቃ ውስጥ 11 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ይጨምራል። አሜሪካ ውስጥ በ2018ም በ2019ም መኪና ውስጥ በሙቀት የሞቱት ልጆች በየዓመቱ ከ50 በላይ ነበሩ። ብዙውን ጊዜ የሚሆነው የዘወትሩ ሥርዓት ሲለወጥ ነው፦ ሁልጊዜ እናት የምታደርሰውን ሕፃን ዛሬ ሌሊት ሲሠራ ያደረ አባት ይወስደዋል፣ ሕፃኑ ጀርባውን ሰጥቶ በታሰረበት ወንበር ይተኛል፣ ድምፅ የለም። የሥራ ባጅ ከኋላ ወንበር፣ ከልጁ አጠገብ ይቀመጥ፤ ያለ ባጅ ሥራ አይገባምና የኋላ በር ይከፈታል።

ፎርም የማይጠየቅበት አንድ ነገር ግን አለ፣ ይኼ ሊመሰገን ይገባል። በሰመር በየትምህርት ቤቱና በየቤተ መጻሕፍቱ በመንግሥት ገንዘብ የሚቀርብ ምሳ፣ ለሁሉም ክፍት በሆነ ጣቢያ ዕድሜው 18 እና ከዚያ በታች የሆነ ልጅ ሁሉ ገብቶ ይበላል፤ ስም የለ፣ ገቢ የለ፣ መታወቂያ የለ። ብዙ ቦታ እዚያው ቁጭ ብሎ መብላት ግድ ነው። የእኛ ሰው «ለድሃ ነው» ብሎ ይሸሸዋል፣ ከዚያ ለአራት ልጅ ፒዛ ይገዛል።

ከታክሱ ደግሞ የሚታለፍ መብት አለ። መሥሪያ ቤቶች አብዛኛውን ጊዜ በኖቬምበር ጥቅማጥቅም ሲያስመርጡ ዲፔንደንት ኬር ኤፍኤስኤ የሚባል፣ ለልጅ ጥበቃ ከደመወዝ የሚቀመጥ ሒሳብ አለ፤ እስከ 2025 በቤተሰብ 5,000 ዶላር ነበር፣ ከ2026 ጀምሮ 7,500፣ ከታክስ በፊት የሚቀመጥ። ከ13 ዓመት በታች ላለ ልጅ የቀን ካምፕ ይከፍላል፣ አዳር ያለበትን አይከፍልም፤ ያልተጠቀሙበት ገንዘብ አይመለስም። ይህ ሒሳብ የሌላት እናት በታክስ ጊዜ ለልጅ ጥበቃ ወጪዋ የታክስ ቅናሽ ለመጠየቅ ፎርም 2441 ትሞላለች። ሁለቱም የጠባቂውን የታክስ ቁጥር ይጠይቃሉ። እቴቴ ሰመሩን በካሽ ጠብቃ በማርች «ሶሻልሽን ስጪኝ» ከተባለች ጓደኝነቱ እዚያ ላይ ያበቃል። ወሬው ገና በጁን፣ ገንዘቡ ሳይሰጥ ይነሣ።

ዋናው የሐበሻ ካምፕ ግን አያት ናቸው። ቪዛው ከተሳካ በሜይ ይመጣሉ፣ ብዙ ጊዜ ስድስት ወር ይሰጣቸዋል፣ ሻንጣቸው ሽሮና በርበሬ ነው። ልጆቹ አማርኛ የሚለምዱት ያን ሰሞን ነው። በሩ ራሱን የሚቆልፍ ከሆነ ቁልፍ በአንገታቸው ይሁን፤ አድራሻው በሁለቱም ፊደል ፍሪጅ ላይ ይለጠፍ፤ 911 ደውለው «አምሃሪክ» ማለትን ይለማመዱ። ቡና ሲቆላ የጭስ ማስጠንቀቂያው ይጮኻል፤ ባትሪውን አውጥቶ መሳቢያ ውስጥ መክተት የብዙ ቤት መላ ሆኗል፣ አይደረግ። ከምድጃው በላይ ያለውን ማራገቢያ ከፍቶ መስኮት ገርበብ ማድረግ ይበቃል። ሁለቱን መስመሮች ግን አያትም አይሞሉልን፤ መኪና አይነዱም፣ ካምፑ አሥር ማይል ነው።

ይህን ስናማርር አገር ቤትን ገነት ማድረግ ይቀናናል። «እዚያ እኮ ልጅ የሰፈር ነው» ይባላል። ግማሹ እውነት ነው። ሌላው ግማሽ የቤት ሠራተኛ ናት። ሐምሌና ነሐሴ፣ ልብስ ሦስት ቀን ተሰጥቶ በማይደርቅበት፣ ልጆቹ ጭቃ ነው ተብለው ቤት በሚዘጋባቸው፣ ከሰል በተቀጣጠለ ቁጥር መስኮት መክፈት ግድ በሆነበት ጊዜ ከእነሱ ጋር የምትውለው እሷ ናት፤ ከገጠር የመጣች፣ ብዙ ጊዜ ራሷ ልጅ። አዋጁ የሥራ ዕድሜን ከ15 ቢያስጀምርም የቤት ሠራተኛን አይሸፍንም፣ ያ የኮራሁበት 16 ቀንም እሷ ጋ አይደርስም። ለእንቁጣጣሽ አገሬ ልግባ ብላ የወጣች ቀን ነው ሰፈሩ በማን ትከሻ ላይ እንደነበር የሚታየው። ሜሪላንድ 13 ዓመት የሞላው ልጅ ታናሹን ይጠብቅ ስትል፣ ያ ልጅ ቢያንስ ሲመሽ እናቱ ትመጣለታለች።

ክፉው ሰሞን የኦገስት መጨረሻ ነው። ካምፑን የሚመሩት ወጣቶች ወደ ኮሌጅ ስለሚመለሱ ብዙው በወሩ አጋማሽ ያበቃል፤ ትምህርት ቤት ገና አልተከፈተም። ፈቃድ ያላት ለዚህ ትቆጥበው እንጂ በጁላይ አትጨርሰው። የሌላት የቀን ዕቁብ ትግባ፤ በገንዘብ ፈንታ ቀን የሚጣልበት። አራት እናቶች፣ ሰኞ አንዷ ቤት፣ ማክሰኞ ሌላዋ ቤት። ሥራ ቦታ የዕረፍት ቀን ጥያቄ አስቀድሞ ስለሚገባ ዕጣው በማርች ይውጣ። ያተኮሰው ልጅ አይመጣም፣ የሁሉም ልጅ የኢንሹራንስ ካርድ ፎቶ በሁሉም ስልክ ይኑር። የዕቁቡ አባላት ስምም በመንጃ ፈቃዳቸው እንዳለው ሆኖ ካምፑ ፎርም ላይ ይግባ። መስመሩ ሁለት ብቻ ከሆነ፣ ሌላ ወረቀት ማያያዝ ይቻላል።