ፍርሃትን የማያውቀው ጀግና የት ነው ያለው?

ደሴ ውስጥ የአንድ ትምህርት ቤት የንባብ ክበብ የአሜሪካዊውን ደራሲ የኧርነስት ሄሚንግዌይን «የፍራንሲስ ማኮምበር አጭር የደስታ ሕይወት» ከተማሪዎቹ የንባብ ዝርዝር እንዲወጣ ሰሞኑን ወስኗል። የክበቡ ኃላፊዎች እንደሚሉት ይህ የአደን ታሪክ ፈሪን ስለሚያነግሥ፣ በ1888 ዓ.ም. ከራስ ሚካኤል ጋር ዓድዋ ለዘመተው የወሎ ፈረሰኛ የልጅ ልጆች አይመጥንም፤ አባቶቻችን ፍርሃት የሚባል ነገር አያውቁም ነበርና።

ይህ አባባል አባቶችን ያከበረ ይመስላል እንጂ የሚያዋርዳቸው እሱ ነው። ፍርሃትን የማያውቅ ሰው ጦር ሜዳ ቢውል በምኑ ይመሰገናል? በወሎ ክርስቲያኑ ንስሐ ገብቶ፣ ሙስሊሙ ዱዓ አስደርጎና ከጎረቤቱ ጋር አፉ ተባብሎ ይዘምት የነበረው ላይመለስ እንደሚችል አሳምሮ ስለሚያውቅ ነው። ፉከራውስ ለምን ይመስላቸዋል? የዘማቹ ልብ ቀድሞውኑ የሞቀ ቢሆን ኖሮ፣ ጠላት ገና ሳይታይ በሽለላና በቀረርቶ ደሙን የሚያሞቅ አዝማሪ ከጦሩ ጋር ማስከተል ባላስፈለገ ነበር። ፈሪን ውሃ ውስጥ ያልበዋል ብሎ የሚተርት ሕዝብ ፍርሃትን አያውቀውም ብሎ መከራከር፣ በቋንቋው ላይ ጆሮን መድፈን ነው። በዓድዋ ዋዜማ ሌሊት ልቡ ያልመታ ፈረሰኛ አንድም አልነበረም ብዬ እወራረዳለሁ፤ በማግስቱ ኮርቻ ላይ መውጣቱን ታላቅ ያደረገውም ይኸው ነው።

በ1936 እ.ኤ.አ. የታተመው ታሪክ የሚለውም ከዚህ የራቀ አይደለም። ማኮምበር ሌሊት የአንበሳውን ግሳት ሰምቶ ይርዳል፤ ጠዋት ከመኪናው ሲወርድ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ጭኑ ደርቆ እግሩ አልታዘዝ ይለዋል። ጣቱ ሊሰበር እስኪደርስ ቃታውን ቢስብም ጠመንጃው አይተኩስም፤ ለካስ መቆለፊያውን አልከፈተውም። በኋላም የቆሰለው አንበሳ ከሳሩ ውስጥ ሲወጣበት ይሸሻል። ሄሚንግዌይ በሌሊቱ ግሳት ላይ የሚያስታውሰው የሶማሌዎችን አባባል ነው፦ ጀግና አንበሳን ሦስት ጊዜ ይፈራዋል፤ ዱካውን ሲያይ፣ ግሳቱን ሲሰማና ፊት ለፊት ሲገጥመው። ፍርሃትን የባዕድ ሸቀጥ ያደረጉት ኃላፊዎች ይህን የጎረቤቶቻችንን ቃል ሳያነቡት አልፈዋል፣ ወይም አንብበው ዝም ብለዋል።

በማግስቱ ጎሾቹን በመኪና ሲያሳድድ ማኮምበር ለመፍራት ጊዜ አላገኘም፤ ፍርሃቱም ሳያስበው ለቆት ሄደ። ብዙም ሳይቆይ ሚስቱ በተኮሰችው ጥይት ይሞታል። ክበቡ ይህንን ይዞ፣ ደፋር በሆነ በሰዓቱ የሚሞት ሰው ለተማሪ ምን ያስተምራል ይላል። ጀግንነት በዕድሜ ርዝመት የሚለካ ከሆነ፣ ዓድዋ ላይ ስለወደቁት ምን ሊሉን ነው?

ሄሚንግዌይ ሚስትየዋን የሣለበት መንገድ ጭካኔ እንዳለበት አልክድም። ክሱ ይህ ቢሆን ኖሮ ቁጭ ብለን እንነጋገር ነበር፤ ግን አላነሱትም። ያነሱት አባቶቻችንን ነው፤ ጉልበቱ ሲከዳው ከዘሩ ሁሉ የተለየ ፈሪ የሆነ ለሚመስለው የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ የሚሆነውን ገጽ ከእጁ የነጠቁትም በእነሱ ስም ነው። ክበቡ ታሪኩን ወደ ዝርዝሩ ይመልስ፤ እምቢ ካለም ኃላፊዎቹ ተማሪዎቹ ፊት ቀርበው፣ እነሱ ራሳቸው ፈርተው እንደማያውቁ ይናገሩ።