ያሱኬ ፈጠራ አይደለም

ወንድሜ "አሳሲንስ ክሪድ ሻዶውስ ላይ ያለው ጥቁር ሰውዬ ዝም ብሎ የተፈጠረ ነው፣ ጌሙ አይረባም" ያልከው ልክ አይደለም። እዚህ ደብረ ብርሃንም ፕሌይስቴሽን ቤት ሁሉም እንደዛ ነው የሚያወራው። ሰውዬው ያሱኬ ይባላል፣ በፈረንጆቹ 1581 ከሚስዮናዊው ቫሊኛኖ ጋር ጃፓን ኪዮቶ ገብቶ የጦር መሪውን ኦዳ ኖቡናጋን ያገለገለ የእውነት ሰው ነው፣ የዛ ዘመን ደብዳቤዎች ላይ አለ፣ እንደውም ኖቡናጋ ቀለም የተቀባ መስሎት ገላውን አሳጥቦታል። ሳሙራይ ነበር ወይ የሚለው ግን አሁንም ያከራክራል። ፈጠራዋስ ሌላዋ የጌሙ ዋና ገጸ ባህሪ ናኦኤ ናት።

መፍረድ ከፈለግክ በድብቅ አጨዋወቱ ፍረድ፤ ናኦኤን ይዘህ መብራት እያጠፋህ በደረትህ እየተሳብክ ግቢ ስትገባ በጣም ያምራል፣ በያሱኬ ግን መደበቅ ከባድ ነው፣ እኔን ቅር ያለኝ እሱ ነው።