ማስተካከያ፦ የአራት ነጥቡ ሕግ አልጸደቀም

ባለፈው ሳምንት ፒፕ ስለሚባለው የእንግሊዝ የአካል ጉዳተኞች ድጎማ ስጽፍ፣ “ቢያንስ በአንድ የዕለት ተግባር 4 ነጥብ ያላገኘ የዕለት ኑሮ ድጎማው ይቀርበታል፤ ሕግ ሆኗል” ብዬ ነበር። (ነጥቡ አመልካቹ በየተግባሩ ምን ያህል እርዳታ እንደሚያስፈልገው የሚለካበት ነው።) ተሳስቻለሁ።

ስህተቴ ያስከተለውን የነገሩኝ እዚሁ ጅማ፣ መርካቶ ቡና የሚያፈሉ ጎረቤቴ ናቸው። እህታቸው በርሚንግሃም ትኖራለች፤ እጇ አይታዘዝላትም። ጽሑፌን በቴሌግራም ልከውላት እንቅልፍ አጥታ አደረች። “አንተ ልጅ፣ ልታሳብዳት ነው እንዴ?” አሉኝ፣ ጀበናውን ከእጃቸው ሳያወርዱ።

ሐሳቡ የቀረበው እ.ኤ.አ. በማርች 2025 ነው። ከኖቬምበር 2026 ሊጀመር ታስቦ ነበር። ግን ከ120 በላይ የገዢው ሌበር ፓርቲ እንደራሴዎች አንገራገሩ። ጁላይ 1 ቀን 2025 ምክር ቤቱ እየተከራከረ ሳለ መንግሥት ነገሩን ከሕጉ ረቂቅ ለማውጣት ተስማማ። ጉዳዩም በሚኒስትሩ ስቲቨን ቲምስ ለሚመራ ጥናት ተላለፈ።

ጭቅጭቁ ያለምክንያት አልነበረም። ጸጉሩን ወይም ከወገብ በታች ለመታጠብ ሰው የሚያስፈልገው 2 ነጥብ ያገኛል። ከትከሻ እስከ ወገብ ከሆነ 4። ይህን ማን ለካው? አሁን ባለው ደንብ ተደምሮ 8 ከሞላ ድጎማው ይገኛል። በአዲሱ ቢሆን ግን አራት ቦታ ሁለት ሁለት ያገኘ ሰው ባዶ እጁን ሊቀር ነበር።

ያደባለቅኩት ከሌላ ነገር ጋር ነው። ዩኒቨርሳል ክሬዲት በሚባለው የዝቅተኛ ገቢ ድጎማ ላይ ያለው የጤና ጭማሪ ከኤፕሪል 2026 ጀምሮ ለአብዛኞቹ አዲስ አመልካቾች እንዲቀንስ በእርግጥም ተደንግጓል።

ለእህትየው ዛሬ ጠዋት ይህንኑ በድምፅ ላክሁላት። ቡናው ግን ገና አልተቀዳልኝም።