ግቢ ወይስ አዳራሽ? የጠረጴዛ ቴኒስ በአዳማ ትምህርት ቤቶች

የክርክሩ ጥያቄ ይህ ነው፦ አንድ የአዳማ የመንግሥት ትምህርት ቤት የጠረጴዛ ቴኒስ ለማስጀመር ጥቂት ገንዘብ ቢያገኝ፣ ግቢው ውስጥ የሲሚንቶ ጠረጴዛዎችን ይትከል ወይስ አዳራሹ ውስጥ የእንጨት ጠረጴዛዎችን ያቁም? ለሲሚንቶው የሚከራከሩት የሰውነት ማጎልመሻ መምህር ናቸው፤ ለአዳራሹ የሚከራከሩት ደግሞ የጠረጴዛ ቴኒስ አሠልጣኝ።

መምህሩ፦

እኔ የምነሣው ከተማሪው ብዛት ነው። አንድ ክፍል 60 ተማሪ፣ ክፍለ ጊዜው 40 ደቂቃ እንበል። ስም ተጠርቶ፣ ከክፍል ተወጥቶ፣ ሰውነት ተሟሙቆ ለጨዋታው የሚተርፈው 25 ደቂቃ ቢሆን ነው። አዳራሽ ውስጥ ሁለት ጠረጴዛ ቢኖር፣ በጥንድ እንኳ ቢጫወቱ 8 ልጆች ይመታሉ፣ 52ቱ ግድግዳ ተደግፈው ያያሉ። ግቢ ውስጥ 6 ጠረጴዛ ካለ ግን በየጠረጴዛው 10 ልጅ ይሰለፋል፤ አንድ ኳስ የመታ ወደ ሌላኛው ጫፍ ይሮጣል፣ ቀጣዩ ይተካል። አንድ ነገር ብቻ ልብ ይባል፦ “የሳተ ይውጣ” አይባልም። እንዲያ ከተባለ ደካማው ልጅ ሁለት ደቂቃ ሳይሞላው ይቀመጣል፤ ልምምዱ የሚያስፈልገው ግን ለእሱ ነው። የሳተ አንድ ይቆጠርበትና ይሩጥ።

ከዚያ የቁልፍ ጉዳይ አለ። አዳራሽ ማለት የፈተና ቦታ፣ የወላጆች ስብሰባ፣ የተሰበረ ወንበር ማከማቻ ማለት ነው። የእንጨቱ ጠረጴዛ ታጥፎ ጥግ ይያዛል፣ ቀስ በቀስ የፈተና ወረቀት ይቆለልበታል፣ ቁልፉን የያዘው ሰው ደግሞ ሁልጊዜ ስብሰባ ላይ ነው። የሲሚንቶ ጠረጴዛ ቁልፍ የለውም። በእረፍት ሰዓት፣ በጠዋትና በከሰዓት ፈረቃ መሐል፣ ልጅ ራኬት ይዞ ከመጣ ይጫወታል።

አሠራሩም ከአካባቢ ግንበኛ አቅም በላይ አይደለም። ሕጋዊው ልክ 274 በ152.5 ሴንቲ ሜትር፣ ከፍታው 76 ነው። ውፍረቱ 6 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ሩብ ሜትር ኩብ ኮንክሪት ይበላል፤ ባለ 50 ኪሎ ሁለት ከረጢት ሲሚንቶ ይበቃዋል። ክብደቱ ግን 600 ኪሎ ገደማ ስለሚሆን በአንድ ቁራጭ አይፈስስም፤ 137 በ152.5 በሆኑ ሁለት ግማሾች ይሠራል፣ መገጣጠሚያው መረቡ ሥር ይውላል። የሚፈስሰው የመጫወቻ ገጹ ወደ ታች ሆኖ፣ በደንብ የተደገፈ ጠፍጣፋ ላሜራ ላይ ነው። በማንኪያ ከላይ የተለሰነ ሊሾ ለዓይን ለጥ ያለ ይመስላል እንጂ ኳስ ሲያርፍበት ማዕበሉ ይጋለጣል። ላሜራው በስሱ ዘይት ይቀባል፤ ኮንክሪቱ እየፈሰሰ የቅርጹ ጎን በመዶሻ ካልተመታ አየር ይቀርና ገጹ የፈንጣጣ ጠባሳ ይመስላል። ፌሮው 8 ሚሊ፣ በየ15 ሴንቲ ሜትር። ከዚያ 7 ቀን ሙሉ በእርጥብ ጆንያ ተሸፍኖ ውሃ መጠጣት አለበት፤ የአዳማ ደረቅ ነፋስ በመጀመሪያው ቀን ካገኘው ፀጉር የሚያህል ስንጥቅ ያወጣል።

አሠልጣኟ፦

መምህር፣ ነፋሱን ራስዎ አነሡት። ከተማዋ ዳር የቆሙት ተርባይኖች፣ አዳማ አንድ 51 ሜጋ ዋት፣ አዳማ ሁለት 153 ሜጋ ዋት፣ ለጌጥ አልተተከሉም። የጠረጴዛ ቴኒስ ኳስ ስፋቷ 40 ሚሊ ሜትር፣ ክብደቷ 2.7 ግራም ነው። በሰዓት 35 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚነፍስ ነፋስ ኳሷን የራሷን ክብደት በሚያህል ኃይል ወደ ጎን ይገፋታል። የዚህ ግማሽ ፍጥነት እንኳ አንድ አራተኛውን ያህል ይገፋል፤ ለጀማሪ ልጅ ያ ኳሷን መሳት ማለት ነው።

ጉዳቱ ከመሳት ያልፋል። በሕጉ ሰርቭ (የነጥቡን መክፈቻ ምት) የሚመታ ልጅ ኳሷን በተዘረጋ መዳፍ ይዞ ቢያንስ 16 ሴንቲ ሜትር ወደ ላይ ይወረውራታል፣ ስትወርድ ይመታታል። ነፋስ ውስጥ የተወረወረች ኳስ ከእጅ ትሸሻለች። ስለዚህ ልጁ መወርወሩን ይተውና ከጣቱ ላይ ይመታታል። ሦስት ወር እንዲያ የተለማመደ ተማሪ አዳራሽ ውስጥ ውድድር ሲገባ የመጀመሪያ ሰርቩ ነጥብ ያስቆጥርበታል። ያንን ልማድ ማስረሳት ከባዶ ከማስተማር ይብሳል።

የአቧራውን ነገር ደግሞ ላስከትል። የራኬት ላስቲክ ኳስ የሚይዘው ገጹ ስለሚጣበቅ ነው። ግቢ ውስጥ የዋለ ላስቲክ በሳምንት ውስጥ እንደ ፕላስቲክ ሳህን ይንሸራተታል፣ ኳስን ማሽከርከር የሚባል ነገር ይቀራል። በእርጥብ ጨርቅ ተጠርጎ፣ በጥላ ደርቆ ወደ ማኅደሩ ካልተመለሰ፣ ፀሐይ ላይ ከተተወ ደግሞ ሙጫው ለቅቆ ከላስቲኩ ሥር ያለው ስፖንጅ ከእንጨቱ ይነሣል። ለ60 ልጅ 20 ራኬት የገዛ ትምህርት ቤት በዓመቱ 20 መጥበሻ ይኖረዋል።

መምህሩ፦

አሠልጣኝ፣ ነፋስ የለም አላልኩም። ነፋስ ግን መንገድ አለው። ቦታ ከመምረጥ በፊት ፌስታል የሚለጠፈው የትኛው አጥር ላይ እንደሆነ፣ አቧራው የትኛው ግድግዳ ሥር እንደሚከመር ማየት ነው። መጥፎው ቦታ በሁለት የመማሪያ ሕንጻዎች መሐል ያለው ክፍት ነው፤ ጥላ ስላለው ሁሉም ይመርጠዋል፣ ነፋሱም እንደ ቦይ የሚሮጠው እዚያ ነው። ጥሩው ከረጅም ሕንጻ ጀርባ፣ ነፋሱ ከማይመታው ጎን፣ ከግድግዳው 3 ሜትር ያህል ራቅ ብሎ ነው። ጠረጴዛው ርዝመቱ ከሰሜን ወደ ደቡብ ይሁን፤ ያለዚያ ጠዋትም ከሰዓትም አንዱ ተጫዋች ፀሐይ ዓይኑ ውስጥ ናት። የቀረውን ነፋስ ሕጉ ያካፍለዋል፦ በየጨዋታው ጎን ይቀየራል፣ በግጥሚያው የመጨረሻ ወሳኝ ጨዋታ ደግሞ አንዱ 5 ነጥብ ሲደርስ።

ራኬቱን በተመለከተ ግን እውነት አለዎት። የእኔ መልስ ርካሹን ባለ ላስቲክ መግዛት እንጂ ውድ አለመግዛት ነው፤ ጀማሪ መጀመሪያ ኳስ መስመር ውስጥ ማሳረፍ ይማር።

አሠልጣኟ፦

ርካሽ ራኬት ይሁን። ጠረጴዛው ግን ለ3ኛ ክፍል ልጅም 76 ሴንቲ ሜትር ነው? ቁመቱ 115 ሴንቲ ሜትር የሆነ ልጅ ደረቱ አጠገብ ያለ ጠረጴዛ ላይ ክርኑን አንሥቶ ነው የሚመታው፤ ትከሻው ይደነድናል። የእንጨት ጠረጴዛ እግሩ በ10 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ይላል። የእርስዎ የሲሚንቶ ጠረጴዛ የሚቆምበት ብሎኬት ግን አይታጠፍም።

እንጨቱን ራሳችን እንሥራ ካልን ደግሞ ልብ የሚባል ነገር አለ፤ አናጺዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። ገበያ ላይ ያለው ኮምፔንሳቶ 122 በ244 ነው። የጠረጴዛው ግማሽ ግን 137 በ152.5፤ ከ122 የሚያንስ ጎን የለውም። ስለዚህ በየግማሹ መቀጠል ግድ ነው። አናጺው 15 ሴንቲ ሜትሩን ቁራጭ ጫፍ ላይ ይቀጥላታል፣ ምክንያቱም ለመሥራት ይቀልለዋል። ጫፉ ግን ጠንካራ ኳስ ሁሉ የሚያርፍበት ነው። ቁራጯ መሆን ያለባት በመረቡ በኩል ነው፤ እዚያ ብዙ ኳስ አያርፍም። ከመገጣጠሚያው ሥር የብረት አግዳሚ ይለፍ፤ ካልተደገፈ በአንድ ክረምት አንዱ ጠርዝ ይነሣል። ለአንድ ጠረጴዛ ሦስት ሉህ ባለ 18 ሚሊ ይበቃል። ቺፑድ አልመክርም፤ ወለል ሲታጠብ ውሃ ከነካው ጠርዙ እንደ ተነከረ ዳቦ ያብጣል። ቀለሙ የማያብረቀርቅ ጥቁር አረንጓዴ ወይም ሰማያዊ፣ የጠርዙ መስመር 2 ሴንቲ ሜትር ነጭ፣ የመሐሉ 3 ሚሊ።

አዳራሹም ዝግጅት ይፈልጋል። ለውድድር የሚባለው ቦታ 14 በ7 ሜትር ነው፤ ለትምህርት ቤት 9 በ4.5 ብዙ አያስቸግርም። ነጭ ኳስ በኖራ በተቀባ ግድግዳ ፊት አትታይም፤ ከተጫዋቹ ጀርባ ያለው ግድግዳ እስከ 2 ሜትር ከፍታ ጠቆር ይበል። ስለ ብዛቱም፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ጠረጴዛ ላይ ይሁን ያለው ማን ነው? አንዱ ቡድን ኳስ በራኬት ያነጥራል፣ አንዱ ግድግዳ ላይ ይመታል፣ አንዱ መሬት ላይ የተሳለ ክብ ውስጥ ሰርቭ ያሳርፋል፣ አንዱ ይጫወታል፤ በየ6 ደቂቃው ይቀያየራሉ።

መምህሩ፦

ለትንንሾቹ ከጠረጴዛው ዙሪያ 10 ሴንቲ ሜትር አፈር ይደልደልላቸው ብዬ ነበር፤ ግን ወደ ኋላ እየሮጠ የሚወርድ ልጅ ይወድቃል፣ እተወዋለሁ። ለእነሱ አንዱ ጠረጴዛ ከመጀመሪያው 66 ሆኖ ይገንባ።

እግሩ ላይ ግን አልስማማም፤ ብሎኬት የሚታጠፈው ሳይገነባ በፊት ነው። ሦስት ግድግዳ ይቆማል፣ አንዱ ከመገጣጠሚያው ሥር፣ ሁለቱ ከየጫፉ 45 ሴንቲ ሜትር ገባ ብለው። ሕጉ በተሽከርካሪ ወንበር ለሚጫወቱ ከጫፉ ቢያንስ 40 ሴንቲ ሜትር ክፍት ይፈልጋል። ፓራሊምፒክ እ.ኤ.አ. በ1960 ሲጀመር ይህ ስፖርት አብሮ የነበረ ነው፤ ወንበሩ ላይ ያለ ልጅ ወደ ሁለተኛ ፎቅ አዳራሽ መውጣት የለበትም። መረቡ ቀዳዳ ያለው ላሜራ ይሁን፣ ቁመቱ 15.25፤ የጨርቁን በበነጋው አናገኘውም።

አሠልጣኟ፦

ላሜራ መረብ ጠርዙን የነካችን ኳስ ወደ መጣችበት ይመልሳታል፤ የጨርቁ ግን ወደ ማዶ ያንሸራትታታል። ያም ሆኖ በዚህ አልጣላም።

የምጣላው ውድድር ላይ ነው። 32 ተማሪ ቢመዘገብ በአራት አራት 8 ምድብ ይሆናል፤ በየምድቡ 6 ግጥሚያ፣ በድምሩ 48። ከ3 ጨዋታ 2 ያሸነፈ በሚለው አንዱ ግጥሚያ 15 ደቂቃ ቢወስድ፣ በ4 ጠረጴዛ 3 ሰዓት ነው፤ ከየምድቡ ሁለት ሲያልፉ ሌላ 15 ግጥሚያ ይቀራል። ይህ ሁሉ በአንድ ቅዳሜ ያልቃል፣ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ተነሥቶ ካላቆመው። ዳኞቹ ከተማሪ ይሁኑ፣ ግን ይሠልጥኑ፤ አንዳንድ ሰፈር አሁንም አንድ ጨዋታ እስከ 21 ነጥብ ይቆጠራል፣ እ.ኤ.አ. በ2001 የተለወጠ ነገር ነው። 11 ነው፣ ሰርቭ በየ2 ነጥቡ ይቀየራል፣ 10 እኩል ከሆኑ በኋላ በየ1 ነጥቡ።

ግቢው ውስጥ ይሠራ ከተባለ አንድ ቅድመ ሁኔታ አለኝ። ስድስቱም በአንዴ አይፈስሱ፤ አንዱ ብቻ ይሠራ። ከዚያ ማስመሪያ ቀጥ ብሎ ይቁም፣ ኳስ ከ30 ሴንቲ ሜትር ትለቀቅ፤ ጥሩ ጠረጴዛ ላይ 23 ገደማ ትነጥራለች። በየግማሹ አምስት ቦታ፣ አራቱ ጥግና መሐሉ ይሞከር። አንዱ ቦታ 19፣ ሌላው 24 ካሳየ የግንበኛው ክፍያ አይፈጸም።

መምህሩ፦

ይሁን፣ ተስማምቻለሁ። ያው ማስመሪያ ግን አዳራሹም ይግባ፤ መጀመሪያ የፈተናው ወረቀት ከጠረጴዛው ላይ ይነሣለት።