ሁለት ሐይቅ፣ አንድ ሂሳብ

ዙሪክ ስምንት ዓመት ስኖር ሐይቁን ሳላየው የዋልኩበት ቀን የለም። በትራም መስኮት ነው ታዲያ። ቡርክሊፕላትስ የሚባል አደባባይ አለ። ትራሙ እዚያ ሲደርስ ነጫጭ መርከቦች ተደርድረው ይታያሉ። ጠዋት ወደ ሥራ ስሄድ ሰው ይሳፈራል፣ ማታ ስመለስ ሰው ይወርዳል። እኔ በዚህ መሃል አንድ የአረጋውያን መኖሪያ ኩሽና ውስጥ ድንች ስልጥ ውያለሁ። መርከቡ የሀብታም ነገር ይመስለኝ ነበር። ዋጋውን ግን አንድም ቀን ጠይቄ አላውቅም። ዋጋ ሳይጠይቁ "ውድ ነው" ማለት ብዙዎቻችን ስደት ላይ የምንለምደው አመል ነው።

ያሳፈረኝ እንግዳ ነው። አብሮ አደጌ ለአጭር ሥልጠና ጄኔቭ መጥቶ፣ ቅዳሜና እሁድን እኔ ጋ ሊያሳልፍ ዙሪክ ብቅ አለ።

"ይሄ መርከብ የት ነው የሚሄደው?"

"እንጃ።"

"እዚህ አይደል እንዴ የምትኖረው?"

ምን ልበለው። ይዤው ትኬት መሸጫው ጋ ሄድን። ጉዱን የሰማሁት እዚያ ነው። ለትራምና ለባቡር የምጠቀምበት ያው ትኬት መርከቡ ላይም ይሠራል። በዞን ነው የሚቆጠረው። የወር ትኬቴ ከተማውን ይሸፍናል፤ ለቀሪው ትንሽ ጨምሬ ተሳፈርኩ። ስምንት ዓመት ሙሉ የፈራሁት መርከብ ውሃ ላይ የሚሄድ አውቶቡስ ሆኖ ተገኘ። ከፊታችን የተሳፈረችው ሴትዮ እንደውም ዘንቢል ይዛለች። ከዘንቢሉ ውስጥ የሽንኩርት ቅጠል ብቅ ብሏል።

የደረሰችን በእንፋሎት የምትሠራው፣ በጎንና በጎን ትልልቅ መቅዘፊያ ጎማ ያላት አሮጌ መርከብ ነች። በ1909 የተሠራች። ከላይ ሆነህ ሞተሩን ቁልቁል ማየት ትችላለህ። ናሱ ተወልውሎ እንደ ቤተ ክርስቲያን ጽና ያብረቀርቃል። ጓደኛዬ ጣቱን ቆጥሮ "ይሄኮ ምኒልክ በሕይወት እያሉ ነው ውሃ ላይ የወረደው!" ብሎ ጮኸ። ሰው ሁሉ ዞሮ አየን። በአማርኛ ነው የጮኸው፤ ግን የጩኸት ትርጉም በየትም ቋንቋ ያው ነው።

ሰዓቱ ደረሰና መርከቧ ተነሳች። ደቂቃ አላዛነፈችም። አንድ ቤተሰብ የሕፃን ጋሪ እየገፋ ሲሮጥ መሳፈሪያዋ ድልድይ ተነስታ ነበር። የመርከቡ ሠራተኛ አያቸው፣ ትከሻውን ነቀነቀ፣ በቃ። "አንድ ደቂቃ ቢታገሳቸው ምን አለበት?" አለ ጓደኛዬ። እኔ እንኳን ምንም አልመሰለኝም። መልመድ ክፉ ነው።

መድረሻችን ራፐርስቪል ከተማ እስክንደርስ ሁለት ሰዓት ገደማ ነው። ጓደኛዬ እናቱ የቋጠሩለትን ዳቦ ቆሎ አወጣና፣ ከእኛ ቀድሞ፣ ከጎናችን ለተቀመጡት አሮጊት ዘረጋላቸው። ፈገግ ብለው እጃቸውን አወዛወዙ። አይፈልጉም። ጓደኛዬ ከፋው። "ምን አደረግኳቸው?" ይለኛል። ምንም አላደረግክም፣ እዚህ አገር ሰው ካልጠየቅከው አያወራህም፣ ከጠየቅከው ደግሞ አያቆምም አልኩት። ማስረጃ አምጣ ማለቱ አይቀርምና፣ በተሰባበረው ጀርመንኛዬ "ይሄ ሐይቅ ይቀዘቅዛል እንዴ?" ብዬ ጠየቅኳቸው።

በቃ፣ ተከፈቱ። በ1963 ሐይቁ ሙሉ በሙሉ በረዶ ሆኖ ነበር። ያኔ ልጅ ነበሩ። ከአባታቸው ጋር ከዚህ ዳር እስከዚያ ዳር በእግራቸው ተሻግረዋል። ዳር ዳሩን የቆሙትን ብርቱካናማ መብራቶችም አሳዩን። በደቂቃ 40 ጊዜ ብልጭ ካሉ ኃይለኛ ነፋስ ሊመጣ ይችላል ማለት ነው። 90 ጊዜ ካሉ ማዕበል ነውና ጀልባ ያለው ሁሉ ወደ ዳር ይሮጣል። ከዚያ ሳይጠየቁ እጃቸውን ዘርግተው ሁለት ፍሬ ዳቦ ቆሎ አነሱ። ጓደኛዬ እንደ ድል ቆጠረው።

እኔ ግን ያን ቀን አንድ ነገር አበላሸሁ። መርከቡ ላይ ቡና ታዘዘ። ሂሳቡን ሳየው አእምሮዬ ወዲያው ወደ ኩሽና ሄደ። ይቺ ቡና የስንት ደቂቃ ሥራ ነች? ስንት ድንች ልጬባታለሁ? ግራና ቀኝ የወይን ማሳ፣ ፊት ለፊት በረዶ ያልለቀቀው ተራራ፣ እኔ ድንች እቆጥራለሁ።

አምና ጥር ላይ አዲስ አበባ ሄድኩ። እማዬን፣ እህቴንና ሁለት ልጆቿን ይዤ ሐዋሳ ልውረድ አልኩ። እማዬ "ለውሃ ብለን 275 ኪሎ ሜትር?" አለች። እሷ ውሃ የምታውቀው በጄሪካን ነው። ቢሆንም ሌሊት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነጠላዋን ደርባ በር ላይ የቆመችው እሷ ነበረች።

የሐዋሳና የዙሪክ ሐይቆች በስፋት እኩል ናቸው ማለት ይቻላል። ሁለቱም ወደ 90 ካሬ ኪሎ ሜትር ይጠጋሉ። የዙሪኩ ቀጭንና ረጅም ነው፣ ጥልቀቱም 136 ሜትር ይደርሳል። የሐዋሳው ክብ ቢጤ ነው፣ ጥልቅ የሚባለው ቦታ 22 ሜትር ገደማ ቢሆን ነው። ከዙሪኩ ሊማት የሚባል ወንዝ ወጥቶ ከተማውን ሰንጥቆ ይሄዳል። ከሐዋሳው የሚወጣ ወንዝ የለም። የጥቁር ውሃ ወንዝ ይገባል፣ ከገባ በኋላ እዚያው ነው። የተጣለበትም ነገር እንደዚያው።

ጠዋት አሞራ ገደል፣ ሐይቁ ዳር ያለው የዓሣ ገበያ ደረስን። ዓሣ አጥማጆቹ መረባቸውን እየፈቱ ነው። አባ ኮዳ የምንለው ያ መላጣ ወፍ በየመሃሉ እንደ ጡረተኛ ዳኛ ይንጎራደዳል። የእህቴ ትንሹ ልጅ ከሱ ያጥራል። የተጠበሰ ቆሮሶ የሚባል ዓሣ ከነዳጣው ቀረበልን። እማዬ "ጾም አይደለም አይደል?" ብላ ሁለት ጊዜ አረጋገጠችና ጀመረች።

የጀልባው ድርድር የእህቴ ሥራ ነበር። እኔ ዝም እንድል ከአዲስ አበባ ጀምሮ ተነግሮኛል። ዋጋው ግማሽ ድረስ ወርዶ ልንስማማ ስንል አፌ አመለጠኝ።

"ደረሰኝ ትሰጣላችሁ?"

ጀልባ ነጂው ከት ብሎ ሳቀ። "ደረሰኙን ጉማሬው ነው የሚሰጥህ አባቴ! ዲያስፖራ ነህ አይደል?" ዋጋው እዚያው ተመልሶ ወጣ። እህቴ እግሬን ረገጠችኝ። ይኸው እስካሁን በየስልኩ ታነሳዋለች።

የሚገርመው ከዚያ በኋላም አልተነሳንም። ሰው መሙላት አለበት። አርባ ደቂቃ ያህል ጀልባዋ ውስጥ ተቀመጥን። እኔ በየአምስት ደቂቃው ሰዓቴን አያለሁ። በዚያ አርባ ደቂቃ ውስጥ ከወላይታ ሶዶ የመጡ አዲስ ተጋቢዎች ተሳፈሩ፣ አንዲት የሻሸመኔ አስተማሪም ከእህቷ ልጅ ጋር መጣች። እማዬ ለሙሽሮቹ ምክር ሰጠች። አስተማሪዋ ለእህቴ ልጆች ሸንኮራ ሰጠች። ሙሽራው ብርቱካን ላጠ። ልንነሳ ስንል ደግሞ እማዬ ነጠላዋን ዓሣ ቤት ረስታለች። ነጂው ሞተሩን አጥፍቶ ራሱ ሮጦ አመጣላት። የዙሪኩ የሕፃን ጋሪ ትዝ አለኝ። እውነቱን ልናገር ካልኩ ግን፣ ያን አርባ ደቂቃ አልወደድኩትም። ዙሪክ ሆኜ ይሄንኑ ጨዋታ እናፍቃለሁ፣ ሐዋሳ ላይ ሲሰጠኝ ሰዓት አያለሁ። ሰው ይሄን ያህል ይበላሻል?

ላይፍ ጃኬት ጠየቅኩ። ለአሥራ ሁለት ሰው አራት ነበር፣ አንዱ ማሰሪያ የለውም። ለልጆቹና ለእማዬ አደረግን። እማዬ ብርቱካናማውን ጃኬት ከነጠላዋ በላይ ለብሳ፣ "በስመ አብ" ብላ አማተበችና የጀልባዋን ጠርዝ በሁለት እጇ ያዘች። "እማማ፣ አይፍሩ፣ ጠዋት ሐይቁ ተኝቷል። ነፋሱ ከሰዓት በኋላ ነው የሚነሳው" አላት ጀልባ ነጂው ልጅ። እዚህ ብልጭ የሚል መብራት የለም። ነጂው ግን በየደቂቃው ቀና እያለ የማዶውን ሰማይ ያያል። ይሄ የሚደነቅ ነው። ጃኬቱ አራት መሆኑ ግን አይደነቅም፣ ለዚህ ሰበብ የለውም።

ጉማሬዎቹ ያሉበት ደረስን። ሞተሩ ቀነሰ። ሁላችንም አንገታችንን አሰገግን።

"የታለ?" አለች እማዬ።

"ያውና እማማ፣ ጆሮው።"

"ጆሮ ብቻ?"

"ሌላው ውሃ ውስጥ ነው።"

እማዬ ወደኔ ዞረች። "ለጆሮ ነው ይሄን ሁሉ ብር የከፈልከው? ስንት ኪሎ በርበሬ ይገዛ ነበር!"

ጀልባዋ በሙሉ ሳቀች። እኔ ግን ሳቄ መሃል ላይ ቆመ። ዙሪክ ላይ ቡናውን በድንች የመነዘርኩት ከየት አምጥቼ እንደሆነ ገባኝ። እማዬ ዕድሜ ልኳን እንዲህ ነች። ሲኒማ ቤት በዘይት፣ ፎቶ ቤት በከሰል፣ ሐይቅ በበርበሬ። አራት ልጅ ብቻዋን ያሳደገች ሴት ሌላ ምን መመንዘሪያ ይኖራታል? እኔ ግን አራት ልጅ የለኝም።

ትንሽ እንደሄድን የእህቴ ትልቁ ልጅ የጨረሰውን የሃይላንድ ጠርሙስ ውሃው ላይ ወረወረ። ብቻውን አልነበረም፣ ዳር ዳሩን ወንድሞቹ ተንሳፍፈዋል። ስብከቴን ጀመርኩ። "እኛ አገር እኮ የከተማው ሰው ከሚጠጣው ውሃ 70 በመቶው ከሐይቁ ነው የሚቀዳው..." እህቴ አቋረጠችኝ። "የቱ አገርህ?"

ዝም አልኩ። ዝም ያሰኘኝ ግን የእሷ ምላስ ብቻ አይደለም። ያቺ የዳቦ ቆሎ አሮጊት የነገሩኝ ትዝ ብሎኝ ነው። በልጅነታቸው የዙሪክ ሐይቅ እንዲህ አልነበረም። በበጋ አልጌ ይሸፍነው ነበር፣ ይሸት ነበር። ፍሳሹ ዝም ብሎ ይገባበት ነበርና። የፍሳሽ ማጣሪያ እየሠሩ፣ በ1986 ደግሞ አልጌውን የሚያፋፋው ፎስፌት ያለበትን የልብስ ሳሙና በሕግ ከልክለው ነው እዚህ የደረሱት። ከስዊስ ሰው ጋር ሲፈጠር የተሰጠ ንጽሕና የለም። ያንን ለአሥር ዓመት ልጅ ጀልባ ላይ ማስረዳት ስላቃተኝ ጎንበስ ብዬ ጠርሙሱን አወጣሁት። እጅጌዬ ራሰ።

ነጂውን "እናትህስ ይወዱታል ጀልባ?" አልኩት። ወሬ ለመቀየር ነው። እናቱ ታቦር ተራራ ሥር ነው የሚኖሩት፣ አሞራ ገደል ዓሣ ያጸዳሉ። "እሷማ ተሳፍራ አታውቅም" አለኝ። "ሁሌ እላታለሁ፣ ሥራ አለብኝ ትለኛለች።" ልፈርድባቸው አልቻልኩም። የእኔ ስምንት ዓመት አለ።

ወደ መመለሱ ላይ ነጂው ልጅ ሞተሩን አጠፋ። ለምን እንዳጠፋ አልጠየቅነውም። የውሃው ጠብ ጠብ ብቻ ይሰማል። ሙሽሪት ባሏ ትከሻ ላይ አንቀላፍታለች። እማዬ አንድ እጇን ከጠርዙ ላቀቀች። ትንሽ ቆይታ ጣቶቿን ውሃው ውስጥ ነከረች። ብዙ ዝም አለች። ልጁ ሞተሩን ሊያስነሳ ገመዱን ሲይዝ፣

"ትንሽ ይቆይ በለው" አለችኝ፣ ቀስ ብላ።

"እማማ እንዳሉ" አለና ገመዱን ለቀቀው።

ዙሪክ የተመለስኩት በየካቲት ነው። ብርድና ጉም። የመጀመሪያው የዕረፍት ቀኔ ላይ ትራሙ ቡርክሊፕላትስ ሲቆም ወረድኩ። በክረምት የሚሄዱት መርከቦች ጥቂት ናቸው፣ አሮጌዋ የእንፋሎት መርከብም ተኝታለች። ያገኘሁትን ተሳፈርኩ። ውስጥ ከእኔ ሌላ ጋዜጣ የሚያነቡ ሁለት ሽማግሌዎች አሉ። ቡና አዘዝኩ። ሂሳቡን አላየሁትም ብል ውሸት ነው፣ አየሁት።

መርከቡ ትንሽ እንደራቀ ስልኬ ጮኸ። አለቃዬ ነች። አንድ ሠራተኛ ታሟል፣ ከሰዓቱን ልትገባለት ትችላለህ ወይ ትላለች። እንዲህ ስትደውል "እሺ" ያላልኩበትን ቀን አላስታውስም።

"አልችልም" አልኳት።

"የት ነህ?"

"ውሃ ላይ ነኝ።"

ሐይቁ ዳር ያለችው ታልቪል ላይ ብወርድ ኖሮ በባቡር ሩብ ሰዓት ቢፈጅብኝ ነው። እሷ ግን አላሰበችውም፣ እኔም አልነገርኳት።