ሥርዓትስ እንደ እንግሊዝ!

ባለፈው እሁድ እዚሁ ለንደን አንድ ወዳጃችን ቤት ቡና ተጠርተን ነበር። አባወራው ስለ ሎርዶች ማዕረግ ውርስ ሲተነትን ቆይቶ፣ «ፈረንጅ እኮ ሥርዓት ያውቃል!» አለ። ይህን ሰውዬ ታውቁታላችሁ። አገር ቤት «የማን ልጅ ነህ?» ሲሉት «ኋላ ቀርነት ነው» ብሎ ይቆጣል። እዚህ ግን የአንዱን መስፍን ዘር እስከ ሰባት ቤት ይቆጥርልሃል።

እውነቱን ነው፤ ሥርዓትስ ያውቃሉ። ባሮኔት የሚባለውን ማዕረግ ውሰዱ። በ1611 (ዓመቱ ሁሉ በፈረንጅ ነው) ቀዳማዊ ጄምስ አየርላንድ ውስጥ አልስተር ለሚያሰፍረው ወታደር ገንዘብ ቸገረው። 1,095 ፓውንድ፣ ማለትም የ30 ወታደር የሦስት ዓመት ወጪ፣ ለሚከፍል ሰው «ሰር» መባልን ከነልጅ ልጁ ሸጠለት። ከዘር ልጓም ይስባል ይባል የለ? ይኸው፣ ልጓሙ ደረሰኝ አለው።

እኔ ግን ከሁሉ የምወደው የ2016ቱን ምርጫ ነው። በ1999 የወጣው ሕግ ማዕረግ ወራሾችን ከላይኛው፣ ከሎርዶች ምክር ቤት ሲያሰናብት 92ቱን አስቀረ። ከተመረጡት አንዱ ሲሞት መተኪያው እስከ 2024 ድረስ በምርጫ ነበር። ዲሞክራሲ ነዋ! ተወዳዳሪው የግድ ማዕረግ የወረሰ መሆን ነበረበት፤ እሷን ትንሽ ነገር እለፏት። ያን ጊዜ ሰባት ዕጩዎች ቀረቡ። መራጮቹስ? የሟቹ ፓርቲ ወራሽ ሎርዶች ብቻ ናቸው። ስንት? ሦስት። ሦስት መቶ አላልኩም፤ አንድ ባጃጅ የሚጭናቸው ሦስት ሰዎች። ሦስቱም ድምፅ ሰጡ፣ መቶ በመቶ! ሦስቱም ለአንድ ሰው። ስድስቱ ዕጩዎች ዜሮ ዜሮ ይዘው ወደ ቤታቸው። ታዛቢ ነበር ይሆን? ኮረጆውን ማን አሸገው? ድጋሚ ይቆጠርልኝ ያለስ? እኔ ብሆን እል ነበር፤ ለሦስት ወረቀት ማን ይደክማል። አሸናፊው ደግሞ ገና ዓመት ሳይሞላው፣ በ2015ቱ ምርጫ፣ ሕዝብ ከታችኛው ምክር ቤት ያሰናበተው ሰው ነበር። ሺህዎች በበር አስወጡት፣ ሦስት ሰዎች በመስኮት መለሱት።

የሴቶቹ ጉዳይ ሲመጣ ግን ቀልዱ ይጠፋብኛል። አብዛኛውን ማዕረግ የሚወርሰው ወንድ ብቻ ነው። የዙፋኑ ሕግ እንኳ በ2013 ተሻሽሎ፣ ታናሽ ወንድም ታላቅ እህቱን እንዳይቀድም ተደርጓል። ማዕረጉን የነካው የለም። ልጅቷ አባቷን አስታማ፣ ቀብራ፣ እንባዋን ሳትጠርግ ማዕረጉ አይታው ለማታውቀው የሩቅ ዘመድ ያልፋል። ለምን? ሴት ስለሆነች! ይህ ምን ሥርዓት ነው? ንቀት ነው እንጂ።

ይቅርታ፣ ማወደስ ላይ ነበርኩ። አባወራችን ሦስት ሴት ልጆች አሉት፤ ወንድ የለውም። ይህንኑ ባነሳበት «እሱማ ሌላ ነገር ነው» አለኝና ለበረካው ስኒውን ዘረጋ። የቀዳችለት ትልቋ ናት።